ከመቀመጫ ወደ ኮርቻ፤ ካያክን ወደ ባለ ክዳን ካኑ ስለ መለወጥ



የመጽሔታችን የዝግጅት ክፍል «ተሠርቶ ያለቀን ዕቃ ላልታሰበለት አገልግሎት ማዋል» በሚል አሳብ ዙሪያ አንድ ንግግር እንዳሰናዳ ሲጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ በአሳቤ የመጣው የፋብሪካ ወይም የግድብ ሥራ አልነበረም። የመጣብኝ አንድ ሰው ብቻውን ትከሻው ላይ አንሥቶ ወደ ወንዝ የሚወስዳት፣ ክብደቷ 20 ኪሎ ግራም ያህል የሆነች የፕላስቲክ ታንኳ ናት። ነገሩ ለእንዲህ ያለ ጉባኤ ጥቂት ያነሰ መስሎ ይታይ ይሆናል። ሆኖም በሙያዬ ካየኋቸው የማሻሻል ሥራዎች መካከል፣ የአንድን ሰው አቀማመጥ መለወጥ የዕቃውን ጠቅላላ አሠራር እንዴት እንደሚያናጋ ይህን ያህል አጉልቶ ያሳየኝ የለም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው፣ ለኃይለኛ ወራጅ ውኃ የተሠራ ካያክ ወደ ባለ ክዳን ካኑ ስለሚለወጥበት መንገድ ነው።

አስቀድሜ ስሞቹን ላብራራ። ካያክና ካኑ ለብዙዎቻችን አንድ ዓይነት ጠባብ ታንኳ መስለው ይታያሉ። ልዩነታቸው የሚጀምረው ከሰውየው አቀማመጥ ነው። በካያክ ውስጥ ቀዛፊው እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ይቀመጣል፤ መቅዘፊያውም በሁለቱ ጫፎቹ ዝርግ ስለሆነ በቀኝና በግራ እያፈራረቀ ይቀዝፋል። በካኑ ውስጥ ቀዛፊው ይንበረከካል፤ መቅዘፊያው ዝርግ የሚሆነውም በአንድ ጫፉ ብቻ ነው፤ በሌላው ጫፍ መዳፍ የሚያርፍበት አጭር እጀታ አለ። ካያክ የሚለው ስም የመጣው ከኢንዊት ሕዝቦች ቋንቋ ነው። የአርክቲኩ አዳኝ የእንስሳ ቆዳ በቀጭን አጽቅ ላይ ወጥሮ ካያኩን ሲሠራ፣ ቁመቱንና ስፋቱን የሚወስነው በራሱ ክንድና በራሱ ስንዝር እየለካ ነበር፤ ታንኳዋ እንደ ልብስ የምትጠለቅ ነበረችና። ካኑ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ከበርች ዛፍ ልጥ ይሠራ የነበረው፣ ላዩ ክፍት የሆነ የጉዞና የጭነት ታንኳ ነው። በአለት መካከል እየተጋጨ በሚወርድ ውኃ ላይ ክፍት ታንኳ ቶሎ ስለሚሞላ፣ የስፖርቱ ሰዎች ለካኑም ክዳን ሰጡት። በዚህም ምክንያት ባለ ክዳኑን ካኑ ከሩቅ የሚያይ ሰው ካያክ ነው ይላል። የሚለየው ሰውየው ከፍ ብሎ መታየቱና በእጁ የያዘው አጭር መቅዘፊያ ብቻ ነው።

በውድድር ዓለም ካያኩ «ኬ-1»፣ ባለ ክዳኑ ካኑ «ሲ-1» ተብለው ይጠራሉ፤ ቁጥሩ የቀዛፊውን ብዛት ያመለክታል። ሁለቱም በኦሊምፒክ ጨዋታ በኃይለኛ ውኃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት እ.ኤ.አ. በ1972 የሙኒክ ኦሊምፒክ ሲካሄድ፣ በአውግስቡርግ ከተማ በተሠራው ሰው ሠራሽ ቦይ ነበር። ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚጥመው ታሪክ፣ የምሥራቅ ጀርመን ሰዎች ያን ቦይ አጥንተው አምሳያውን በአገራቸው በስቪካው ከተማ መሥራታቸው፣ በዚያም ተለማምደው አራቱንም የወርቅ ሜዳልያ መውሰዳቸው ነው። በሲ-1 ወርቁን ራይንሃርድ አይበን ሲያገኝ፣ አሜሪካዊው ጄሚ ማክዩን ነሐሱን ወሰደ። ከዚያ ስፖርቱ ከኦሊምፒክ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ተመለሰ። ሴቶች በሲ-1 በኦሊምፒክ የተወዳደሩት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው በቶኪዮው ጨዋታ ነው፤ ወርቁን አውስትራሊያዊቷ ጄሲካ ፎክስ ወሰደች።

ከእናንተ መካከል በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ የምታውቁት የፖቶማክ ወንዝ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አለው። ጆን ለግቢል እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1989 ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ የሲ-1 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ዴቪ ሄርንም እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1995 ያንኑ ማዕርግ ያገኘው በዚሁ ወንዝ ዳር ተለማምደው ነው። በክረምት ውኃው ሲቀዘቅዝ ልምምዳቸውን የሚቀጥሉት የመርከብ ሞዴል በሚፈተንበት በዴቪድ ቴይለር የሙከራ ገንዳ ውስጥ ነበር። ስለ ታንኳ ቅርጽ የነበራቸውም አሳብ ደፋር ነበር። ሰው የተንበረከከበት መካከል ወፍራም ሆኖ ሁለቱ ጫፎች እንደ ስለት ቢሳሱ፣ ታንኳዋ በተሰቀሉት የውድድር በትሮች ሥር ጫፏን ሰርስራ እንደምታልፍ አሳዩ። ይህን የማነሣው ያለ ነገር አይደለም። ካያክ ለመለወጥ ከመነሣታችን በፊት፣ ለተንበረከከ ሰው ታስቦ የተሠራ ታንኳ ምን እንደሚመስል ማወቅ ይገባናልና።

ካያክ ወደ አገራችንም መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመሩት የእንግሊዞች ቡድን ዐባይን ሲያጠና ከአባላቱ አንዱ በውኃ ተወስዶ ሞቷል። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ማይክ ጆንስ የመራቸው ካያከኞች በዚሁ ወንዝ ወርደዋል። እነዚህ ጉዞዎች ለዛሬው ርእሴ የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱኛል፤ ይኸውም የወራጅ ውኃ ጉዳይ ከጨዋታነቱ ባሻገር የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ነው።

ሰው ለምን ካያክ ይለውጣል? ዋናው ምክንያት ገበያው ነው። ካያክ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ብዙ ሲሆኑ፣ ባለ ክዳን ካኑ የሚፈልገው ሰው ጥቂት በመሆኑ ለእርሱ ብለው ውድ የብረት ቅርጽ የሚያወጡለት እምብዛም አይገኙም። ስለዚህ ተንበርክኮ መቅዘፍ የሚወድ ሰው አሮጌ ካያክ በርካሽ ገዝቶ ውስጡን ያፈርሳል። ሌሎች ደግሞ እግር ዘርግቶ መቀመጥ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ይለውጣሉ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ብዙዎቹ ሥራውን «ወንበሩን አውጥቶ ኮርቻ ማስገባት» አድርገው ማየታቸው ነው። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የግማሽ ቀን ሥራ በሆነና እኔም በፊታችሁ ባልቆምኩ ነበር።

ከታንኳው ምርጫ እንጀምር። ቀዛፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ ኮርቻ ላይ ሲንበረከክ የክብደቱ ማእከል ከፍ ይላል። ለማሳያ ያህል የሰውየውን ክብደት 75 ኪሎ፣ የታንኳዋን 20 ኪሎ እናድርገው። ሰውየው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ የጠቅላላው 95 ኪሎ የክብደት ማእከል 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እንግዲህ የመርከብ ሥራ የተማራችሁ እንደምታስታውሱት፣ አንድ ተንሳፋፊ አካል ሲያጋድል የሚመልሰው ኃይል በሜታሴንተሩና በክብደቱ ማእከል መካከል ካለው ርቀት የሚገኝ ነው። የሜታሴንተሩ ከፍታ ደግሞ የሚወሰነው በውኃው መስመር ላይ ባለው ስፋት ሲሆን፣ ስፋቱ በስሌቱ ውስጥ የሚገባው ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። በውኃው መስመር ላይ 2 ሜትር ከ20 የሚረዝም፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ሁለቱ ጫፎቹ የቀጠኑ ታንኳ ብንወስድ፣ ከመንሳፈፊያው ማእከል እስከ ሜታሴንተሩ ያለው ርቀት በግምት 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስፋቱን ወደ 66 ሳንቲ ሜትር ብናሳድገው ርቀቱ ወደ 33 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። አንድ ዐሥረኛ ብቻ የሆነ የስፋት ጭማሪ አንድ ሦስተኛ የሚያህል ትርፍ አስገኘ ማለት ነው። የተገኘው 8 ሳንቲ ሜትርም ሰውየውን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ በማድረጋችን ያጣነውን ልክ ይተካል።

እንግዲህ ጠባብ ካያክ ገዝቶ በኮርቻው ብልሃት ላረጋጋው የሚል ሰው ትግሉ ከሒሳብ ጋር ነው። በርግጥ የሰለጠነ ቀዛፊ በዳሌው እየተጫወተ፣ በመቅዘፊያውም ውኃውን እየተመረኮዘ የማትረጋጋን ታንኳ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ የዓለም አቀፉ ካኑ ፌዴሬሽን ዛሬ ለኬ-1ም ለሲ-1ም የሚጠይቀው ዝቅተኛ ስፋት አንድ ዓይነት፣ ማለትም 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ነገር ግን የዓለም ሻምፒዮንን ልክ ለሰፈር ሰው መስጠት ተገቢ አይደለም። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ ከ65 ሳንቲ ሜትር ያልጠበበ፣ በጉልበቱ ቦታ ላይ ከሆዱ እስከ ክዳኑ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ካያክ እንዲፈልግ እነግረዋለሁ። ጥልቀቱ የሚያስፈልገው የተንበረከከ ሰው ጭን ከተዘረጋ እግር ይልቅ ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ነው። በጣም አጭርና ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ ታንኳም አልመክርም፤ በአንድ ወገን ብቻ የሚቀዘፍ ታንኳ ከመቅዘፊያው እየሸሸ ወደ ሌላው ጎን መዞር ይወዳል፤ አጭሩ ደግሞ ሳይነኩትም የሚሽከረከር ነው።

አሁን ወደ ማፍረሱ እንምጣ። ከመፍታታችን በፊት ግን መጠየቅ ያለብን «ይህ ወንበር ከማስቀመጥ ሌላ ምን ሥራ ይሠራ ነበር?» ብለን ነው። የፕላስቲክ ካያክ የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ሲሆን፣ ዱቄቱ በሚሽከረከር ቅርጽ ውስጥ በእሳት ቀልጦ ከግድግዳው ጋር በመለጠፍ አንድ ወጥ አካል ይሆናል። ይህ ፕላስቲክ ድንጋይ ሲመታው አይሰበርም፤ ይታጠፋል። መታጠፉ ሀብቱም ጉድለቱም ነው። ወንበሩ ከመግቢያው አፍ ግራና ቀኝ በብሎን ታስሮ የመካከሉን አካል ወጥሮ ይይዛል፤ ከወንበሩ ፊትና ኋላ የሚቆሙት የፎም ምሰሶዎች ደግሞ ክዳኑን ከሆዱ አራርቀው ይይዙታል። ቀዛፊው እንደ መደገፊያ የሚያያቸው እነዚህ ነገሮች በእርግጥ የቤቱ ማገርና ወራጅ ናቸው።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር ላሳይ። ታንኳዋ በጎኗ አለት ላይ ተጣብቃ ብትያዝ፣ በሰከንድ 3 ሜትር የሚወርድ ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ወደ 450 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። ይህን የሚያህል ጫና ምሰሶ በሌለው ክዳን ላይ ሲያርፍ ክዳኑ ወደ ሆዱ ይተኛል፤ በመካከሉ ያለው ደግሞ የሰው ጭንና ጉልበት ነው። ወንበሩን አውጥቶ፣ ለጉልበት ቦታ ይስፋልኝ ብሎም የፊተኛውን ምሰሶ ቆርጦ የጣለ ሰው፣ በረጋ ውኃ ላይ ምንም አይጎድልበትም፤ ምሰሶው ሥራውን የሚጀምረው አደጋ በደረሰ ቀን ብቻ ነውና።

በአገር ቤት «ቅጥቅጥ» የምንላቸውን አውቶቡሶች እዚህ ላይ ባነሣ የምትታዘቡኝ አይመስለኝም። ለጭነት በተሰናዳ ሻሲ ላይ ለሰው የሚሆን አካል ሲቀጠቀጥ፣ ወለል ላይ ተጋድሞ የነበረው ጭነት ወንበር ላይ ወደ ተቀመጠ ሕዝብ ይለወጣል። ክብደቱ ከፍ ይላል፤ ጭነት ያልነበረው የመውጣት ፍላጎትም ይመጣል። ያን ሥራ በአግባቡ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሁለቱንም ያስባሉ። በታንኳዋም የሚታሰበው ይኸው ነው፤ በመጀመሪያ ክብደቱ፣ ቀጥሎም መውጫው።

አዲሱ ኮርቻ እንግዲህ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን የወንበሩን ሥራ ሁሉ ወራሽ መሆን አለበት። ሕዋሱ የተዘጋና ውኃ የማይመጥ ጠንካራ ፎም ተመርጦ፣ በመጋዝ ተቆርጦ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። የሰው እግር በግራና በቀኝ የሚታጠፍበት ጠባብ በርጩማ አድርጋችሁ አስቡት። ከፊት ምሰሶው ተነሥቶ እስከ ኋላ ምሰሶው እንዲደርስና ሦስቱ በአንድ መስመር እንደ አከርካሪ እንዲያያዙ ይደረጋል። የፊት ምሰሶው በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ስለሚያልፍ ጎኖቹን ማሳሳት ይቻላል፤ ማውጣት ግን አይቻልም። ወንበሩ ታስሮባቸው የነበሩትን የብሎን ቀዳዳዎች ደግሞ አንድፈን ከመተው ይልቅ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ መወጠሪያ ብናስርባቸው መካከሉ ጥንካሬውን ያገኛል። አዲስ ቀዳዳ በትራፓኖ ከመብሳት በፊት ፋብሪካው የበሳውን መጠቀም ጥሩ ልማድ ነው፤ የግድ መብሳት ካስፈለገም ከውኃው መስመር በላይ፣ ሰፊ ሮንዴላና የማይዝግ ብሎን ተጨምሮ ይሁን።

ማጣበቁ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ፖሊኢትሊን እንደ ሰም ያለ ገጽ ስላለው ሙጫ አይወድም። ጫማ ሠሪዎቻችን ማስቲሽ የሚሉት ሙጫ ፎምን ከፎም ጋር አጥብቆ ይይዛል፤ ከዚህ ፕላስቲክ ጋር ግን ካልተዘጋጀለት በጥፍር ይላቀቃል። ገጹን በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ በአልኮል ማጽዳት፣ ከዚያም የጋዝ ነበልባል ሳያቃጥሉ በፍጥነት ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ነበልባሉ የላይኛውን ስስ ገጽ ኦክሳይድ ስለሚያደርገው ሙጫው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ነበልባሉ ከሙጫው በፊት መጥቶ ከጠፋ በኋላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ መሆኑን ለእናንተ መንገር አይኖርብኝም።

የኮርቻው ከፍታ የሁለት ወገኖች ክርክር ነው። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት «ከፍ አድርገን» ይላሉ፤ ሚዛን «ዝቅ አድርገኝ» ይላል። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ባለው መካከል አብዛኛው ሰው ይስማማል። የእኔ ምክር ግን ከከፍተኛው ጀምሮ ቀስ በቀስ መቁረጥ ነው፤ ፎም ከተቆረጠ አይመለስምና። እጅግ ዝቅ ያለ ኮርቻ በሩብ ሰዓት ውስጥ እግርን ያደነዝዛል። መደንዘዙ የምቾት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት፤ የደነዘዘ እግር ያለው ሰው ግን ከታንኳው ቢወጣ እንኳ በውኃው ዳር መቆም ይሳነዋል።

ኮርቻው ፊትና ኋላ በየት ይተከል የሚለውን ብዙዎች ከወንበሩ ቦታ በመቅዳት ይመልሱታል። ይህ ትክክል አይደለም። እግሩን የዘረጋ ሰው የክብደቱ ማእከል ከመቀመጫው ወደ ፊት ርቆ ነው የሚገኘው፤ እግሩን ከሥሩ ያጠፈ ሰው ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ኮርቻው በወንበሩ ቦታ ቢተከል ታንኳዋ ኋላዋን ነክራ አፍንጫዋን ታነሣለች። ስለዚህ ኮርቻው ሳይጣበቅ ገብቶ፣ ቀዛፊው በረጋ ውኃ ላይ ተንበርክኮ፣ ሌላ ሰው ከዳር ቆሞ ሁለቱ ጫፎች ከውኃው ያላቸውን ከፍታ ማየት አለበት። እኔ በረዳሁበት አንድ ሥራ ላይ ኮርቻውን ሦስት ጊዜ ወደ ፊት ገፍተን ነው ቦታውን ያገኘነው። ከዚያ በእርሳስ ምልክት ተደረገ፤ ሙጫውም ተቀባ። እግር ከፊት ስለማይገባም ያ ባዶ ቦታ ለትልቅ የአየር ከረጢት ይተርፋል፤ ታንኳዋ ብትገለበጥ የምትይዘው ውኃ ያነሰ ይሆናል። ከለውጡ ሁሉ ያለ ዋጋ የሚገኝ ትርፍ ይህ አንዱ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ደረስኩ፤ ስለ ማሰሪያው። ካያከኛ ጭኑን ከክዳኑ ሥር በተሠራ ቅንፍ ይደግፋል፤ መውጣት ሲፈልግ ክዳኑን በእጁ ገፍቶ ዳሌውን ያነሣል፤ እግሮቹ ቀጥ ብለው ይከተሉታል። የተንበረከከው ሰው ግን በዚያ ቅንፍ ሊጠቀም አይችልም። ታንኳዋን በጉልበቱ ለማዘዝ፣ ተገልብጦም በመቅዘፊያው ለመቃናት፣ በጭኑ ላይ የሚያልፍ ሰፊ ጠፍር ያስፈልገዋል። ጠፍሩ ከኮርቻው ግርጌ ተነሥቶ በጭኑ ላይ አልፎ ወደ ጎን ይታሰራል። አጥብቆ ሲታሰር ሰውና ታንኳ አንድ አካል ይሆናሉ፤ ይህን የቀመሰ ሰው ላልቶ መታሰርን አይወድም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ራሱ ወደ ታች ሆኖ፣ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ፣ ጉልበቱ በጠፍር ተይዞ ያለ ሰው ጠፍሩን ሳይፈታ አይወጣም።

ስለሆነም ዘለበቱ በአንድ ስበት የሚፈታ መሆን አለበት። የሁለቱም ጠፍሮች ጫፍ በአንድ እጅ በአንድ ጊዜ የሚደረስበት ቢሆን ይመረጣል፤ አንደኛው ተፈትቶ ሌላው ሲቀር ሰውየው ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዛልና። የሚሳበው ጫፍ በብርድ የደነዘዘና ጓንት ያጠለቀ እጅ ሳያይ የሚያገኘው ወፍራም እጀታ ይኑረው። ቋጠሮ ያለው ገመድ በዘለበት ፈንታ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ቋጠሮ ሲርስ ይጠብቃል። የውኃ መከላከያውን ሽርጥ መሳቢያ ደግሞ ከጠፍሩ እጀታ በቅርጽ የተለየ እናድርገው። መጀመሪያ የሚነሣው ሽርጡ፣ ቀጥሎ የሚፈታው ጠፍሩ ስለሆነ፣ እጅ ሁለቱን በዳሰሳ መለየት አለበት።

እግሩንም አንርሳ። ከኋላ ጣቶቹ የሚረግጡበት ድጋፍ ይሠራል፤ ነገር ግን በኮርቻው ጎንና በድጋፉ መካከል የሚቀረው ክፍተት ቀዛፊው በሚያጠልቀው ጫማ መለካት አለበት። በባዶ እግር ተለክቶ በወፍራም ጫማ የሚገባበት ክፍተት እግሩን ሲያስገባ ያስገባዋል፤ ሲያወጣ ግን ተረከዙ ይያዛል። ጫማው ማሰሪያ ያለው ከሆነ ማሰሪያው የሚንጠለጠልበት ብሎን እንዳይኖር ዳዶዎቹ ሁሉ በፎም ይሸፈኑ።

ከዚያ ፈተናው ይቀጥላል። በመጀመሪያ በሣር ላይ፣ ታንኳዋ በጎኗ ተጋድማ፣ ቀዛፊው ታስሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታል፤ ይወጣል። በሁለተኛው ወገቡ በሚደርስ የረጋ ውኃ ውስጥ፣ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ ተገልብጦ ይወጣል። ይህም በቀኝ እጅ ብቻ፣ በግራ እጅ ብቻ፣ በጓንት፣ በሽርጥና ያለ ሽርጥ ይደጋገማል። እኔ ዐሥር ጊዜ እላለሁ፤ ቁጥሩ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ እጅ አእምሮን ሳይጠይቅ መሥራት የሚጀምረው በዚያ ገደማ መሆኑን ስላየሁ ነው። በዐሥሩ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የተያዘ ነገር ካለ ሥራው ወደ ጠረጴዛው ይመለሳል። በረጋ ውኃ ላይ አንድ ጊዜ የያዘ ጠፍር በወራጅ ውኃ ላይ የማይይዝበት ምክንያት የለም።

ስለ መቅዘፊያው ብዙ አልናገርም። ለተንበረከከ ሰው እንደ ቁመቱ ከ140 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ አንድ ጫፍ መቅዘፊያ ይበቃዋል። በየትኛው ወገን እንደሚቀዝፍ አስቀድሞ ይወስናል፤ በሌላው ወገን መቅዘፍ ሲያስፈልገው እጁን ሳይለውጥ ወገቡን አዙሮ መቅዘፊያውን በታንኳዋ አፍንጫ ላይ ያሻግረዋል። ታንኳዋን ቀጥ አድርጎ ለመንዳት በየምቱ መጨረሻ መቅዘፊያውን በትንሹ ወደ ውጭ ማዞር አለበት። ካያከኛ የነበረ ሰው ይህን እስኪለምድ አንድ ወቅት ያህል ይማረራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከፍ ብሎ ተንበርክኮ ወንዙን አሻግሮ ማየቱን የሚተው አላየሁም።

በመጨረሻ አንድ አሳብ ለጉባኤው አቅርቤ ላብቃ። ፋብሪካው ታንኳዋን ሲሸጥ በላይዋ ላይ የለጠፈው ጽሑፍ፣ የሚሸከመው ክብደትና ማስጠንቀቂያው፣ የተጻፈው እግሩን ዘርግቶ ለሚቀመጥ ሰው ነው። ታንኳዋ ከተለወጠች በኋላ ያ ጽሑፍ ሐሰት ይናገራል፤ ነገር ግን ተለጥፎ ይኖራል። የተለወጠች ታንኳ ደግሞ ትሸጣለች፤ ለጎረቤት ትዋሳለች፤ ለልጅ ትተላለፋለች። ስለዚህ ለውጡን የሠራው ሰው በመግቢያው አፍ ውስጥ ውኃ በማይለቀው ቀለም እንዲጽፍ አሳስባለሁ፤ ለውጡ የተሠራበትን ቀን፣ የኮርቻውን ከፍታ፣ ክፍተቱ የተለካበትን የጫማ ቁጥር፣ ጠፍሩ በየት በኩል እንደሚሳብና ሙጫው መቼ እንደሚመረመር። የሙጫው ምርመራ በየዓመቱ ከዝናቡ ወቅት ወይም ከበረዶው መቅለጥ በፊት ቢደረግ፣ ኮርቻውን በሁለት እጅ ይዞ በሙሉ ኃይል ወደ ላይ መሳብ ይበቃል። ከሆዱ በጥቂቱም ቢሆን የተነሣ ፎም ካለ፣ ተላቆ ወጥቶ ገጹ እንደገና በነበልባል ይሰናዳል።

ስለ ኮርቻው አቆራረጥ የሣልኳቸውን ንድፎች ይዤ መጥቻለሁና ከስብሰባው በኋላ ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ።